ሰሊጥ ዘይት የጠጣው መዳፍ

እርጅና ሲመጣ ቀድሞ የሚሸሸገው የደም ሥር ነው። ጥርስ እንኳ አሳምሞና አስጠንቅቆ ነው የሚሄደው፤ የደም ሥር ግን ድምፁን አጥፍቶ ሥጋ ውስጥ ይገባና ፈልጉኝ ይላል። ይህን የተማርሁት ሰሞኑን ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ደሜን ልመረመር ሄጄ ነው። ነርሷ ገና ልጅ ናት። ክንዴን በላስቲክ ሸብ አድርጋ፣ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ወጋችኝ፤ ደም የለም። ትንሽ ዝቅ ብላ ወጋች፤ አሁንም የለም።

"አባባ፣ ደምዎን የት አስቀመጡት?" አለችኝ።

"ዋጋው እስኪወደድ መጋዘን አስገብቼዋለሁ" አልኋት።

ከልቧ ሳቀች። የሰሊጥ አምራች ልጅ መሆኗን በሳቋ አወቅሁ። እየሳቀችም እየፈለገችም፣ ሐሳቤን ከመርፌው ለማራቅ መሰለኝ፣ ወሬ ጀመረችልኝ። በውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ምግብ የሚያቀልሙበትን ቢጫ ቀለም በውኃ በጥብጠው የአይጥ ቆዳ ላይ ቢቀቡት፣ ቆዳው ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ከሥሩ ያለው የደም ሥርም ሆድ ዕቃውም ታየ አለችኝ። ቀለሙ ሲታጠብ ቆዳው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰው ላይ ገና አልዋለም፤ ቢውል ኖሮ ግን እንደርስዎ ያለውን አባት እንዲህ አልበሳሳም ነበር ብላ ስልኳን አውጥታ ምስሉን አሳየችኝ።

እንዴት ሆኖ እንደሆነ ጠየቅኋት። ልጅቱ አስተማሪ ይወጣታል። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ሲገባ ውኃው በአንድ በኩል ያጥፈዋል፣ ስቡ በሌላ በኩል ያጥፈዋል፤ ከወዲያ ወዲህ ሲላጋ ይበተንና ይጠፋል። ቀለሙ ውኃው ውስጥ ሲሟሟ ግን ውኃው ብርሃኑን እንደ ስቡ ማጠፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ብርሃኑ የሚያላጋው ስለሌለ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ይህን ስሰማ መዳፌን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁ። ልጅቱ ደንግጣ አመመዎት እንዴ አለችኝ።

"አይዶለም ልጄ። እኔ ይኸን ነገር ከአይጧ በፊት ሰው ላይ ሞክሬው ነበር" አልኋት።

ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየችኝና የደም ግፊቴን ለመለካት ተነሣች።

ነገሩ የሆነው በወጣትነቴ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ብል እዋሻለሁ፤ ዕድሜዬስ ሞልቶ ነበር፣ ያልሞላው ጭንቅላቴ ነው። አገሬ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለው ደጋ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በጭነት መኪና ተጭነን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንወርድ ነበር። ጎንደር ላይ ጋቢ ለብሰን የተነሣን ሰዎች አይከልን አልፈን ቁልቁል ስንል ጋቢውን እናወልቃለን፣ ከዚያ ሹራቡን፤ ቆላው ስንደርስ የቀረን ሸሚዝና አቧራ ነው። እንዲህ የወረደውን የቀን ሠራተኛ የቆላ ሰው ሳሉግ ይለዋል። ስሙን ሰምቼ መጀመሪያ ማዕረግ መስሎኝ ነበር።

አስማረን ያገኘሁት መኪናው ላይ ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ። እኔ አልመርጥም፤ የመጣልኝን ሁሉ እናገራለሁ። ኮኪት እስክንደርስ ድረስ እኔ ሳወራ እሱ ሲሰማ ቆየንና ወዳጅ ሆንን።

የሰሊጥ አጨዳ ደግሞ ጥንድ ይፈልጋል። በምንሠራበት እርሻ የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው፣ ሥራ የሚሰጠው ለሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ በማጭድ እያጨደ ይሄዳል፣ ሌላው ከኋላው እያሰረ፣ እስሩን አናቱን ወደ ላይ አድርጎ እርስ በርሱ እያስደገፈ ያቆመዋል። ይኸ የቆመው ክምር ሂላ ይባላል። ሰሊጥ ልመና የማይሰማ እህል ነው። ቀኑ ደርሶ ከደረቀ አፉን ይከፍትና ፍሬውን በሙሉ ለጥቁሩ ዋልካ አፈር ያፈሰዋል። ስለዚህ ከጥንዱ አንዱ ከታመመ ካቦው አይጠብቅም፤ ሁለቱንም ያሰናብትና ሌላ ጥንድ ያስገባል። አስማረ አጫጅ፣ እኔ አሳሪ ነበርን። እሱ ማጭዱን ሲያዞር ሰሊጡ ራሱ እየተጎነበሰ የሚሰጠው ይመስል ነበር። እኔም ምላሴ እንዳይሠራብኝ ገመዱን በጥርሴ ይዤ አስር ነበር።

ያ ዓመት ለኔ የተለየ ነበር። ጥር ላይ ሠርጌ ነው። የሺን አጭቻት ሁለት ጊዜ ቀን ቆርጠን ሁለት ጊዜ በገንዘብ እጦት አስተላልፌያለሁ፤ አባቷም ሦስተኛ ማስተላለፍ የለም፣ ከእንግዲህ ልጄን ለሌላ እድራታለሁ ብለው በሽማግሌ ልከውብኛል። አስማረ ይህን ያውቃል። እንዴት አያውቅ? ስለ የሺ ያላወራሁበት ቀን አልነበረም። ከኔ ይልቅ እሱ መልኳን ያውቀው ነበር እላለሁ።

አጨዳው በተጋመሰ ጊዜ አስማረ ከእርሻው ዳር የእሾህ አጥር ሲያነሣ አዳለጠውና በቀኝ መዳፉ እሾህ ላይ አረፈ። የግራር እሾህ ነው፤ ረዥም፣ ነጭ፣ አጥንት የመሰለ። የታየውን ነቀልነው። የተሰበረው ግን ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ሥጋው ከሚወፍርበት ላይ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ እጁ አበጠ። ማጭድ ሲጨብጥ ከንፈሩን ይነክስ ጀመር።

ኮኪት ወደነበረው ክሊኒክ ወሰድሁት። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ደህና ሰው ነበር። መዳፉን ትንሽ ከፍቶ ፈለገ፣ ፈለገ፤ አላገኘም። ላቡን እየጠረገ፣ ሥጋ እኮ ጨለማ ቤት ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ጅማት አለ፣ በዳበሳ ብገባ ጅማቱን እቆርጥብሃለሁ፣ ጎንደር ሂድ አለው። መድኃኒት ሰጥቶ፣ ጠቅልሎ፣ ከበሩ ድረስ ወጥቶ ጎንደር ማለቱን ደገመለት።

ስንመለስ መንገድ ላይ አስማረ ብቻውን እንደሚሄድ፣ እኔም ሌላ አጫጅ ፈልጌ ሥራዬን እንድቀጥል ነገረኝ።

"አብሬህ ነው የምሄደው" አልሁት።

"ሠርግህስ?"

"ሠርግ ይቆያል።"

"የሺ ትቆያለች?"

እኔ መልስ ሳጣ እቀልዳለሁ፤ ቀልድ ሳጣ ደግሞ እጨነቃለሁ። ያን ቀን ሁለቱንም አጥቼ የመንገዱን ጠጠር እየመታሁ ሄድሁ። እሱም ከዚያ በኋላ የጎንደርን ነገር አላነሣም፤ እስኪ ጥቂት ቀን ልየው አለ።

በሰንበት ገበያ መተማ ወረድሁ። ከድንበሩ አጠገብ ሱዳናዊ ዘይት ጨማቂ ነበር። ዓይኑ የተሸፈነ ግመል ትልቁን የእንጨት ሙቀጫ እየዞረ ሰሊጡን ይጨምቀዋል፤ ዘይቱ ሲወርድ ሽታው መንደሩን ሁሉ ያጠግባል። ከዚያው ጎን ፉል ይሸጣል። ፉሉ ላይ ከዚያ ትኩስ ዘይት ብዙ አስደርጌ፣ ሻጩ ዳቦ ውስጥ ከትቶ ጠቅልሎ ሰጠኝና አንድ አንገረብ፣ የጠፍር አልጋ፣ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። የተጠቀለለበት የዓረብኛ ጋዜጣ ነው። ዘይቱ የነካውን ቦታ ወደ ፀሐይ ባደርገው በዚያኛው ገጽ ያለው ጽሕፈት ወዲህ ዘልቆ ይታያል። ዘይቱ ያልነካው ጋ ወረቀቱ ድፍን ነው፤ የነካው ጋ መስኮት ነው።

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ። ወረቀት ዘይት ሲጠጣ ብርሃን ካሳለፈ፣ ቆዳስ ቢጠጣ? ድሬሰሩ ጨለማ ቤት አላለም? እንግዲያው መስኮት እንክፈትለት። አሁን ሳስበው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይኸን ያህል ብልህ ሆኜ አላውቅም፤ ይኸን ያህል ጅልም እንዲሁ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዤ በረርሁ።

ለአስማረ ስነግረው ጋዜጣውን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አድርጎ አየ፤ ገለበጠና አየ። ቆይቶ "እጄ ጋዜጣ መሰለህ?" አለኝ። ግን ፊቱ ሳቅ ብሏል። ከታመመ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሥራ ሲቆም፣ ጎጇችን ውስጥ ገባን። ጎጆው ከማሽላ አገዳ የተሠራ፣ በላዩ ሸራ የለበሰ ነው። ሸራውን አንድ ቦታ ቀደድ አደረግሁት። በዚያ ቆላ ፀሐይ የምትገባው እንደ ጋለ ዘንግ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ቀጥ ብላ ወርዳ መሬቱን ወጋችው። ዘይቱን አሙቄ መዳፉን አሸሁት። ቀስ ብዬ ነው ያሸሁት፤ ሲያመው ትንፋሹ ይቆረጣል፣ እኔም አብሬ እቆርጣለሁ። ቆዳው እስኪያበራ ጠጣ። ወይም የጠጣ መሰለኝ።

ወሬው ተሰምቶ ሠራተኛው በሩን ሞልቶታል። የጎንደሩም፣ የወሎውም፣ የጎጃሙም። አስማረ እጁን ከፀሐይዋ ዘንግ ፊት ዘረጋ። በጣቶቹ መሐል ደማቅ ቀይ ሆነ፤ የጣቶቹ ዳር እንደ ፍም በራ። መዳፉ ላይ ግን ከቀይ ጥላ በቀር አይታየኝም። አንዱ አጥንቱ ታየኝ አለ። አንዱ ኃጢአቱ ታየኝ አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን እያጠበብሁ አፈጠጥሁ፤ ምንም የለም።

ያን ጊዜ አስማረ ራሱ ጠጋ ብሎ አየና ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ይቻትና። ቀጭን ናት። ከቆዳው ሥር ወደ ላይ እየወጣች ነው። ትወጣለች በራሷ።"

እንደገና ባይ ለኔም ታየችኝ! ከአውራ ጣቱ ሥር ፀጉር የመሰለች ጥቁር መሥመር። ዛሬ ለነርሷ ብነግራት ያቺ መሥመር የደም ሥር ናት ትለኛለች፤ ያን ቀን ግን እኔ ለታቦት ምዬ እሾህ ናት እል ነበር። ጎጆው በእልልታ ተሞላ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ ሐኪም ሆነ። አንዱ ሆዱን ይዞ መጥቶ ውስጡን እንዳይለት ለመነኝ፤ ሌላው ያጫት ልጅ ልብ ውስጥ ማን እንዳለ በዘይት ይታይ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም ተኮፍሼ እያንዳንዱን በተራ አነጋገርሁ። ኩራቴን ብታዩት!

አስማረ ማጭዱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። በግራ ማጨድ ቀላል አይደለም፤ ሰሊጡም ሰውዬውም ይጎዳሉ። እሱ ግን ከኋላው እያሰርሁ እስክደርስበት ድረስ ይጠብቀኛል እንጂ አይዘገይም። ቀትር በቀትር ዘይት አሸዋለሁ፣ ወደ ብርሃኑ እናደርገዋለን፣ እሱም እየቀረበች ነው ይለኛል። ሌሊት ከእንቅልፉ እየነቃ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ሙቀቱ ነው ይለኛል። እኔም አምናለሁ፤ ሙቀት በዚያ አገር ለሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል።

ሰሊጡ አለቀ። የመጨረሻውን ሂላ አቁመን፣ ሒሳባችንን ተቀብለን በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ስንወጣ አስማረ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደጋው እየቀረበ ሰው ሁሉ ሹራቡን ሲለብስ እሱ ከብርዱ በፊት ነበር የለበሰው። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ጋለ። ከመኪናው ወርደን በቀጥታ ሐኪም ቤት አስገባሁት።

ራጅ አነሡት። ፊልሙን ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ሲያይ እኔም ከኋላው ተንጠራርቼ አየሁ። አጥንቱ አንድ በአንድ ተደርድሮ ይታያል፤ እሾህ የሚባል የለም። ሐኪሙን ብጠይቀው፣ ራጅ አጥንትና ብረት እንጂ የእንጨት ስባሪ እምብዛም አያሳይም፣ ከፍተን መፈለግ ነው ያለብን አለኝ። ከፈቱት። እሾኋ የተገኘችው ከቆዳው ሥር አልነበረም። ታች፣ ከጅማቱ ሥር፣ መግል ከብቧት ነበር። እጁን አዳኑለት። ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀሩ፤ አውራ ጣቱ ሳይቀር። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ብሎ ሐኪሙ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ሄደ።

ሲሻለው ከሐኪም ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ብርቱካን እየላጥሁ ለግራ እጁ አቀብለዋለሁ። እኔ ያን ነገር መተው አልቻልሁም።

"ግን እኮ ከቆዳው ሥር አይተናት ነበር" አልሁት። "እንዴት ወደ ታች ተመለሰች?"

ብርቱካኑን አኝኮ እስኪጨርስ ቆየ።

"ታኬ፣ እኔ ምንም አላየሁም" አለኝ። "ቀይ ነገር ነው ያየሁት።"

"ታዲያ አየኋት አላልህም?"

"አብሬህ ጎንደር እሄዳለሁ አልህ። ሠርግህ ጥር ነው።" ሌላ ክፋይ ከእጄ ወስዶ ጨመረ። "ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር። እጄን ይዘህ እንደዚያ ስትለፋ ምንም የለም ልበልህ?"

ሌላ ብርቱካን መላጥ ጀመርሁ። እሱ ደግሞ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ጠየቀኝ።

"አንተስ ምን አይተህ ነው እኔም ታየችኝ ያልኸው?"

እስከ ዛሬ መልሱን እፈልጋለሁ።

ጥር ላይ አገባሁ። አስማረ ሠርጌ ላይ አልመጣም፤ እጁን ይዞ ጎጃም ገባ። የሺ የልጆቼ እናት ሆነች፤ ደግ ዕድሜ አብረን ኖርን፤ አሁን በሕይወት የለችም። ኋላ እኛም ቆላ ወርደን መሬት አገኘን፣ ሰሊጥና ማሽላ እያረስን ሸሕዲ ቀረን። ለሷ የአስማረን ነገር የነገርኋት ልጆች ከወለድን በኋላ ነው። ሰምታ ስታበቃ "ሂድና እየው" አለችኝ። እሺ አልኋት። በየዓመቱ እሺ አልኋት። መንገዱ ሲዘጋ ሰበብ አገኝ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሰሊጡ ይደርስብኛል።

ከጤና ጣቢያው ስመለስ ስለዚያ ቢጫ ቀለም ሳስብ ነበር። ሐሳቤ ሙሉ በሙሉ ጅል አልነበረም ማለት ነው፤ ወረቀቱ ቀዳዳው በዘይት ተሞልቶ ነው ያበራው፣ ቆዳ ግን ውኃ የሞላው ነገር ነውና ዘይቴ ከላይ ከላይ ተንሸራቶ ቀረ። የሚያስፈልገው ከውኃው ጋር የሚሟሟ ነበር። ለጥቂት ሳይንቲስት ሳልሆን ቀረሁ ብዬ ለልጆቼ ልፎክር ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያ ቀለም ያን ጊዜ ኮኪት ኖሮ ድሬሰሩ እሾኋን አይቶ ቢያወጣት፣ አስማረ የሚዋሽልኝ ነገር ባላገኘ ነበር።

በዚሁ ሳምንት ደግሞ እርሻዬ ላይ የሚያጭዱት ሠራተኞች ጋ ምሳ ልበላ ተቀመጥሁ። አንዱ ጎልማሳ ከጎጃም የመጣ ነው። ካቦው ስሜን ሲጠራ ሰምቶ ጉርሻውን ያዝ አደረገና፣ አያ ታከለ ማለት የሰው እጅ አሳልፈው የሚያዩት እርስዎ ነዎት እንዴ አለኝ። ከአስማረ ቀዬ ነው። አስማረ አለ፤ አርጅቷል፤ በግራ እጁ ይዘራል። ልጆች ጣቶቹን ሲያዩ ምን ሆነህ ነው ይሉታል፤ እሱም ቆላ ሳለሁ በሰሊጥ ዘይት የመዳፌን ውስጥ ያየልኝ ወዳጅ ነበረኝ፣ እሾኋን ልክ ያለችበት ቦታ አይቷት ነበር፣ ጎንደር ሳልሄድ የቆየሁት በራሴ ስንፍና ነው ይላቸዋል አሉ።

ሠራተኞቹ ሁሉ በአክብሮት አዩኝ። እኔ እጄን ከትሪው አነሣሁ። ይኸን ሁሉ ዘመን፣ በታጠፉ ጣቶች፣ ስሜን እየጠበቀልኝ ኖሯል።

"ስትመለስ መልእክት አድርስልኝ" አልሁት። "ታከለ ምንም አላየም፣ ያን ቀን ምንም አልታየውም ነበር ብሏል በለው።"

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። አያ አስማረ ነግረውናል፣ ታከለ ሲበዛ ቀልደኛ ነው፣ ቁም ነገሩን ሁሉ በቀልድ ነው የሚናገረው ይሉናል ብሎ ወደ ምሳው ተመለሰ።

ሰሊጡ ሲያልቅ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ ራሴ መሄድ አለብኝ። መንገዱን ልጆቼ ይወስዱኛል። ያሳሰበኝ ፊቱ ተቀምጬ፣ ያን እጅ ይዤ፣ ሳላስቀው እንዴት እንደምነግረው ነው።